የኤልፎቹ ዴክ፦ በ545 ብር ተሠርቶ ደብረ ብርሃን ላይ የተፈተነ

በ2017 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ነው ነገሩ የጀመረው። የአክስታችን ልጅ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ እሁድ እሁድ ምሳ የሚበላው እኛ ቤት ነው። ያን ቀን ማዕዱ እንደተነሳ ከቦርሳው ማጂክ የሚባል ጨዋታ ሁለት ክምር ካርድ አወጣ። ክምሩ ዴክ ይባላል፤ አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ ጥቁር። ታናሽ ወንድሜ ጥቁሩን ተውሶ ስድስት ጊዜ ገጠመው። ስድስቱንም ተሸነፈ። ማታ ብርዱ ሲጠና ጋቢውን ተከናንቦ አጠገቤ ተቀመጠና «ጋሼ፣ በተውሶ ዴክ እስከ መቼ ነው የምጫወተው?» አለኝ።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ማታ እስከ ፋሲካ የሠራነውን ይተርካል። አንድ ርካሽ ዴክ ሠራን። ከመቶ ጊዜ በላይ ተጫወትንበት። እያንዳንዱን ጨዋታ በደብተር መዘገብን። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ብር የት እንደገባ ሳይጻፍ ከቀረ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሽንፈቶቻችንን እንደ ወጪ መዝግበን ባንይዝ ኖሮ ለማይረባን ካርድ ገንዘብ እናወጣ ነበር። ልነግራችሁ የፈለግሁት ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁ ባጭሩ ላስረዳ። ስሙ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ይባላል። የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ የሚባል የሒሳብ ምሁር ነው፤ ለገበያ የወጣው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። እንደ ካርታ ጨዋታ ሁሉም ከአንድ ክምር አይታደልም። እያንዳንዱ ተጫዋች ቢያንስ 60 ካርድ ያለው የራሱን ዴክ ይዞ ይመጣል። ሁለቱም በ20 ነጥብ ሕይወት ይጀምራሉ፤ ቀድሞ ዜሮ የገባ ተሸነፈ። ካርድ ለማውጣት ማና የሚባል መክፈያ ያስፈልጋል፤ ማና የሚሰጡት ደግሞ መሬት የምንላቸው ካርዶች ናቸው። ለአረንጓዴ ዴክ መሬቱ ፎረስት ነው፣ ጫካ ማለት። ካርዱን ስትጠቀምበት ወደ ጎን ታጋድመዋለህ፤ ያ ታፕ ማድረግ ይባላል። ከመሠረታዊ መሬቶች በቀር አንዱን ካርድ ከአራት በላይ መያዝ አይቻልም።

የአክስታችን ልጅ የሚጫወተው ፓውፐር በሚባለው ዓይነት ነው። በፓውፐር የሚፈቀዱት ኮመን ተብለው የታተሙ ካርዶች ብቻ ናቸው፤ በየፓኬቱ በብዛት የሚገኙት ማለት ነው። አሳታሚው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በ2019 እ.ኤ.አ. ለወረቀቱም ለኦንላይኑም አንድ ሕግ አውጥቶ በይፋ ተቀብሎታል። ለእኛ ዓይነት ቤት ከዚህ የተሻለ የለም። ሀብታሙም ድሃውም ከአንድ ሳጥን ነው የሚመርጠው።

ወንድሜ የፈለገው ሁሉም ፍጡራን፣ ማለትም የሚዋጉት ካርዶች፣ የአንድ ወገን የሆኑበትን ዴክ ነው። እንግሊዝኛው እንዲህ ያለውን ዴክ «ትራይባል» ይለው ነበር። አንዳንዱ ተጫዋች ወደ አማርኛ ሲመልሰው «የጎሳ ዴክ» ይላል። እኔ ግን ያንን ቃል ለጨዋታ ማዋል አልወደድኩም። በዚህ አገር ያ ቃል ብዙ ሸክም አለበት። አሳታሚው ራሱ በ2023 እ.ኤ.አ. «ትራይባል» የሚለውን ትቶ በሌላ ቃል ተክቶታል። እኛ ቤት «የወገን ዴክ» ነው የምንለው። ቃሉ ሥራውን በደንብ ይገልጸዋል፤ ካርዶቹ በእርግጥም ወገን ለወገን እየቆሙ ነው የሚያሸንፉት።

ወገኑን የመረጠው ወንድሜ ነው። ከትምህርት ቤት ጋር አንኮበር አጠገብ ያለውን የወፍ ዋሻን ጫካ አይቶ ከመጣ ጀምሮ ጥዱና ዝግባው ከአፉ አይጠፋም። ኤልፎች የጫካ ሰዎች ናቸው ሲሉት ሌላ አላማረውም። እኔ የተስማማሁት በሌላ ምክንያት ነው። የኤልፎቹን ካርዶች አንድ በአንድ ሳነብ ብቻውን የሚያስፈራ አንድም የለም። ላኖዋር ኤልቭስን ውሰዱ። ጉልበቱ (የሚያደርሰው ጉዳት) አንድ፣ ጥንካሬው (ለመሞት የሚበቃው ጉዳት) አንድ፤ ስታጋድመው አንድ አረንጓዴ ማና ይሰጣል፣ በቃ። ፕሪስት ኦፍ ታይታንያ ግን ሜዳው ላይ ባለው ኤልፍ ቁጥር ልክ ማና ትሰጣለች። ቲምበርዋች ኤልፍ በኤልፎቹ ቁጥር ልክ ለአንድ ፍጡር ጉልበትና ጥንካሬ ይጨምራል። ዌልዊሸር በቁጥራቸው ልክ ሕይወት ይመልሳል። ሁሉም አንዱ ሌላውን ይቆጥራል። ርካሽ ካርድ በብዛት መግዛት ለሚችል፣ ውድ ካርድ ግን ለማይችል ሰው የሚሆን ዴክ ማለት ይህ ነው ብዬ አሰብኩ።

በካርታ ላይ የተለጠፈ ወረቀት

ደብረ ብርሃን ላይ ይህን ካርድ የሚሸጥ ሱቅ አላገኘንም። አሜሪካ ያለችው እህታችን በሰው እጅ ልትልክልን ትችላለች፤ ግን ያልፈተንነውን ዕቃ ግዥልን ብሎ መላክ ነውር መሰለኝ። ስለዚህ መጀመሪያ የወረቀት ቅጂ ሠርተን እንድንፈትን ወሰንን። ይህን ማድረግ ችግር የለውም፤ አሳታሚው ለግል መሞከሪያ፣ ያለ ሽያጭ እስከሆነ ድረስ አይቃወምም። በይፋ ውድድር ላይ ግን በወረቀት ቅጂ መቅረብ አይቻልም።

የማጂክ ካርድ ስፋቱ 63 በ88 ሚሊ ሜትር ነው። በሱቅ ከሚሸጠው ተራ ካርታ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። አንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ዘጠኝ ካርድ ይገባል። መሬት ያልሆኑት 38 ካርዶች በአምስት ገጽ በከለር ታተሙ፤ ገጹ በ30 ብር፣ 150 ብር። ሁለት ጥቅል ካርታ በ240 ብር ገዛን። ኮላ 50 ብር። ወንድሜ ሌሊቱን ሙሉ በመቀስ ሲቆርጥና ሲለጥፍ አደረ። ለፎረስቶቹ ወረቀት ማባከን አልፈለግንም። 22 ተራ ካርታ ወስደን ማዕዘኑ ላይ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ዛፍ ሳልንበት።

እናታችን ቡና እያፈላች ታየናለች። «ልጆቼ፣ ይሄ ነገር ቁማር እንዳይሆን» አለች። ገንዘብ የሚያዝበት እንዳልሆነ አስረዳኋት። አላመነችኝም፤ ግን ሁለተኛ ሲኒ ቀዳችልን።

የመጀመሪያው ዴክ እንዲህ ነበር። ፎረስት 22። ለአንድ ማና የሚወጡና ማና የሚሰጡ ኤልፎች ስምንት፦ አራት ላኖዋር ኤልቭስ፣ አራት ኤልቪሽ ሚስቲክ። ፕሪስት ኦፍ ታይታንያ፣ ቲምበርዋች፣ ዌልዊሸር፣ ኤልቪሽ ቫንጋርድና ሊስ አላና ሀንትማስተር አራት አራት። ሀንትማስተር ኤልፍ ባወጣህ ቁጥር አንድ ትንሽ ኤልፍ ይጨምርልሃል። ከዚያ ወንድሜ «ትልቅ ነገርማ ያስፈልጋል» ብሎ አራት ክሮው ወርም አስገባ፤ ስድስት ማና የሚበላ ግዙፍ ትል ነው። አራት ጃያንት ግሮውዝና ሁለት ፎግ ጨምረን 60 ሞላን። ሀንትማስተር ለሚያመጣቸው ትናንሽ ኤልፎች ቶከን፣ ማለትም በካርድ ፋንታ የሚቀመጥ ምልክት፣ የሆነን ባቄላ ነው። አንድ ባቄላ፣ አንድ ኤልፍ።

ሃያ ጨዋታ ተጫወትን። ውጤቱ ደህና ነበር፤ 11 አሸነፍን። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። በደብተሩ ላይ መጀመሪያ እጅ ላይ የመጣውን የመሬት ብዛት እጽፍ ነበር። ቁጥሩ በጣም የተስተካከለ ሆነብኝ። ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት። ክምሩን አነሳሁና ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ዳበስኩት። የተለጠፉት ካርዶች ኮላ ጠጥተው ወፍረዋል፤ ጠርዛቸውም ሻክሯል። ፎረስቶቹ ስስ ናቸው። ወንድሜን «ዓይኔን ጨፍኜ አሥር ፎረስት ላውጣ» አልኩት። ከአሥሩ ዘጠኙ ፎረስት ሆኑ።

ማንም አላጭበረበረም። ግን እጅ ሳያውቀው ያውቃል። ስንበውዝም፣ ክምሩን ለሁለት ስንከፍልም ጣታችን ወፍራሞቹን ከስሶቹ ሲለይ ነበር። ወንድሜ በጣም ከፋው። 11 ድል ነዋ! ያም ሆኖ ሃያውንም ጨዋታ በአንድ መስመር ሰረዝኳቸው። የተበላሸ ሚዛን ላይ የተመዘነ እህል ኪሎው አይታመንም። የምትቀጥለዋ እህታችን በነጭ ወረቀት ላይ ዛፍ ሳለችልን፤ በሦስት ገጽ በ15 ብር ኮፒ አድርገን ፎረስቶቹንም ለጠፍናቸው። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ እንደገና ሞከርኩ። ከአሥሩ አራት ብቻ አገኘሁ። ከ60ው 22ቱ ፎረስት ስለሆኑ ዝም ብሎ የሚያወጣ ሰውም ወደ አራት ያገኛል። አሁን ሚዛኑ ተስተካከለ።

ሽንፈቱ በደብተር

እንደገና ሃያ ጨዋታ። አሥሩን ከቀዩ፣ አሥሩን ከጥቁሩ ጋር። ስድስት አሸነፍን፤ 14 ተሸነፍን። አሁን እውነቱ ወጣ።

ከእያንዳንዱ ሽንፈት በኋላ «ለምን?» የሚለውን በአንድ ሐረግ ብቻ እንጽፋለን። ሕጉ ይኸው ነበር፤ ከአንድ ሐረግ በላይ ከጻፍን ሰበብ መደርደር እንጀምራለንና። በመጨረሻ ሐረጎቹን ስሰበስብ ሦስት ዓይነት ብቻ ሆኑ። ስድስት ጊዜ «ሁሉም ሞቱብን»። አምስት ጊዜ «መሬት ብቻ መጣ»። ሦስት ጊዜ «ዘገየን»። «ትልቅ ፍጡር አጣን» የሚል አንድም የለም። ክሮው ወርም በሃያ ጨዋታ ሜዳ የወጣው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቴም ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው ማለት ይቻላል። ወንድሜ ደብተሩን ራሱ አነበበና አራቱንም ወርሞች ያለ ክርክር አወጣቸው። እኔ ብነግረው ኖሮ ሳምንት እንከራከር ነበር።

ከዚያ ወደ ስሌቱ ገባን። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ ዴክ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የሚጠቅም ነገር የለም። ጨዋታው ሲጀመር ከ60 ካርድ ሰባት ስትስብ፣ አራት ቅጂ ካለህ ካርድ ቢያንስ አንዱ እጅህ የመግባት ዕድሉ 40 በመቶ ነው። ስምንት ቅጂ ከሆነ 65 በመቶ። 12 ከሆነ 81 በመቶ። የመጀመሪያው ዴክ ለአንድ ማና የሚወጡ ማና ሰጪ ኤልፎች ስምንት ነበሩት። ከሦስት ጨዋታ አንዱን ያለ እነሱ እንጀምር ነበር ማለት ነው። ኤልፍ ዴክ ደግሞ በመጀመሪያው ዙር አንድ ኤልፍ ካላወጣ የጠዋት ብርድ ውስጥ እንዳልተነሳ ሞተር ነው። ፊንድሆርን ኤልቭስ የሚባል ሥራው ከላኖዋር ጋር አንድ የሆነ፣ ስሙ ብቻ የተለየ ካርድ አለ። አራቱን ጨመርን፤ 12 ሞሉ።

መሬቱን ከ22 ወደ 17 አወረድን። ይህ ዋጋ አለው። በ22 መሬት ዜሮ ወይም አንድ መሬት የያዘ እጅ የሚመጣው ከመቶ 19 ጊዜ ነው። በ17 መሬት 35 ጊዜ ይሆናል። ሲያዩት ያስፈራል። ግን አንድ ፎረስትና ሁለት ማና ሰጪ ኤልፍ ያለው እጅ እኛ ዘንድ ደህና እጅ ነው፤ ኤልፎቹ ራሳቸው መሬት ናቸውና።

ጃያንት ግሮውዝ፣ ፎግና ቫንጋርድም ወጡ። በምትካቸው የገቡት አራት ኪሪዮን ሬንጀር፣ አራት በርችሎር ሬንጀርስ፣ አራት ሊድ ዘ ስታምፒድና ሦስት ዲስታንት ሜሎዲ ናቸው። ስታምፒድ ከላይ አምስት ካርድ ያሳይህና ፍጡሮቹን በሙሉ ወደ እጅህ ያስገባልሃል። ከ60ው 36ቱ ፍጡር ስለሆኑ በአማካይ ሦስት ትወስዳለህ። ሜሎዲ ባለህ ኤልፍ ቁጥር ልክ ካርድ ይስባል፤ ግን ሰማያዊ ማና ይፈልጋል። እኛ ሰማያዊ መሬት የለንም። በርችሎር የገባው ለዚህ ነው፤ ሁለት ኤልፍ አጋድመህ የፈለግኸውን ቀለም ማና ታገኛለህ። በዚያው ዙር የወጣ ኤልፍ እንኳ ይጋደምለታል። አዲሶቹን ካርዶች ከሳይድቦርዱ (ከ60ው ውጭ በተጠባባቂነት ከሚያዙት ካርዶች) ጋር በሦስት ገጽ አሳተምናቸው፤ 90 ብር። ጠቅላላ ወጪ 545 ብር ሆነ።

ያቺ 13

የካቲት ላይ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ እየተጫወትን ነው። ጎረቤታችን የሚበርሩ ፍጡራን ያሉበት ሰማያዊ ዴክ ይዞ መጥቷል። ሕይወቱ 13። ወንድሜ ሜዳ ላይ ስድስት ኤልፍ አለው፦ ላኖዋር፣ ሚስቲክ፣ ፊንድሆርን፣ ፕሪስት፣ ቲምበርዋችና ኪሪዮን ሬንጀር። ፎረስቱ ሁለት ብቻ ነው።

ሦስቱን ትናንሾች ላከ። ላኖዋር፣ ሚስቲክና ፊንድሆርን፤ እያንዳንዳቸው አንድ ጉልበት። ጎረቤታችን ሁለት ፍጡር ነበረው፤ ሁለቱን አገዳቸው። ፊንድሆርንን «ይለፍ፣ አንድ ነጥብ ነው» ብሎ ተወው። ወንድሜ ዝም አለ። ከዚያ ቲምበርዋችን በቀስታ አጋደመው። «ስድስት ኤልፍ። ፊንድሆርን ስድስት ይጨመርለት።» ሰባት ሆነ። ቀጥሎ ሬንጀርን በጣቱ ነካ። ሬንጀር አንድ ፎረስት ወደ እጅ ትመልስና የተጋደመ ፍጡርን ታስነሳለች። ፎረስቱን አነሳ፣ ቲምበርዋችን አቀና፣ ደግሞ አጋደመው። «ሌላ ስድስት።» አንድ፣ ሲደመር ስድስት፣ ሲደመር ስድስት። 13።

ጎረቤታችን ሻማውን ወደ ካርዶቹ አስጠግቶ ሦስት ጊዜ ቆጠረ። ከዚያ የሬንጀርን ጽሑፍ አነበበ። ከዚያ እጁን ዘረጋና ጨበጠው። ወንድሜ በዚያ ማታ የሳቀውን ሳቅ ከማትሪክ ውጤቱም አልጠብቅም።

በሁለተኛው ዴክ 30 ጨዋታ ተጫወትን። ከሰማያዊው ጋር ከአሥር ስምንት፣ ከቀዩ ጋር አራት፣ ከጥቁሩ ጋር ሦስት አሸነፍን። ግማሽ በግማሽ ማለት ነው። ከስድስቱ ሽንፈት ተነስተን ግማሽ መድረሳችን ያስደስታል፤ ግን ጥቁሩ አሁንም ይገድለን ነበር።

አይጦቹ

ጥቁሩ ዴክ ውስጥ ክሪፕት ራትስ የሚባል የአይጦች ካርድ አለ። ለመውጣት ሦስት ማና ይፈልጋል። ከወጣ በኋላ ባለቤቱ በከፈለው ጥቁር ማና ልክ ሜዳ ያለውን ፍጡር ሁሉና ሁለቱንም ተጫዋች ይጎዳል። የእኛ ኤልፎች አብዛኞቹ ጥንካሬያቸው አንድ ነው። አንድ ማና ይበቃዋል። ሦስት ሲደመር አንድ አራት። እንግዲህ የአክስታችን ልጅ አራተኛውን መሬት ካስቀመጠ ጀምሮ በማንኛውም ዙር ሜዳችን ባዶ ሊሆን ይችላል።

ደብተሩ «ሁሉም ሞቱብን» ሲል እኛ ያነበብነው «መከላከያ ካርድ ይጨመር» ብለን ነበር። ሽንፈቶቹን መልሼ ሳያቸው ግን ሌላ ነገር አየሁ። ከጥቁሩ ጋር በተሸነፍንባቸው ሰባቱ ጨዋታዎች፣ አይጦቹ ሲመጡ ወንድሜ እጁ ላይ አንድም ኤልፍ አልቀረውም። የያዘውን ሁሉ እንደ ያዘ ነው የሚያወጣው። ስድስት ኤልፍ ሲኖረው ሰባተኛ፣ ሰባት ሲኖረው ስምንተኛ። ዴክ ሳይሆን አጨዋወት ነበር የጎደለን።

ስለዚህ ለጥቁሩ አንድ ሕግ አወጣን። ተቃራኒው አራተኛ መሬት ካወረደ በኋላ ቢያንስ ሁለት ኤልፍና አንድ ስታምፒድ እጅ ላይ ይቆያል። ሜዳ ያሉት ቢሞቱ በማግሥቱ እንደገና ይጀመራል። እንደ ገበሬ ዘር ነው፤ ውርጭ ይመጣል ብለህ የምትሰጋ ከሆነ ጎተራውን አራግፈህ አትዘራም። የወይና ደጋ ሰው ይህን ላይረዳው ይችላል፤ የደብረ ብርሃን ሰው ግን የጥቅምት ውርጭ ባቄላውን ሲበላው አይቷል።

ወንድሜ ይህን ሕግ ጠላው። ኤልፍ እጁ ላይ ይዞ መቀመጥ እንደ ንፉግነት ይታየዋል። በሁለተኛው እሁድ አይጦቹ መጥተው አምስት ኤልፍ ገደሉበት፤ እሱም ከእጁ ሀንትማስተርና ስታምፒድ አውጥቶ በሦስት ዙር ሜዳውን ባቄላ በባቄላ አደረገው። ከዚያ በኋላ ስለ ሕጉ አላጉረመረመም።

ቀዩ ሌላ ችግር ነበረው። ላይትኒንግ ቦልት በአንድ ማና ሦስት ነጥብ ያቃጥላል። አንድ መሬትና ሁለት ኤልፍ ባለው እጅ ከጀመርን የመጀመሪያውን ኤልፍ በቦልት ይመታውና እዚያው ደርቀን እንቀራለን። ከሌሎቹ ጋር ደህና ያልነው እጅ ከቀዩ ጋር ሞት ነው። እንዲህ ያለውን እጅ መልሰን እንደገና ሰባት መሳብ ጀመርን፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ሰባት ትስብና አንዱን ከክምሩ ሥር ታደርጋለህ። ሳይድቦርድ ላይ ደግሞ ዌዘር ዘ ስቶርም ገባ። ሦስት ሕይወት ይሰጣል፤ በዚያ ዙር ከእሱ በፊት በወጣ በእያንዳንዱ ካርድ ልክ ይደገማል፤ የተቃራኒው ካርድም ይቆጠራል። ቀዩ ሁለት ቦልት ወርውሮ ስድስት ሲያቃጥልህ ዘጠኝ ትመልሳለህ። ከቀዩ ሳይድቦርድ የሚመጣው ኤሌክትሪከሪ ደግሞ ኤልፎቹን በሙሉ በአንድ ነጥብ ይመታል። ለእሱ ስፓይደርሲልክ አርመርን አስገባን፤ ለሁሉም አንድ ጥንካሬ ይጨምራል፣ የሚበርረውንም ያስይዛቸዋል።

ከዚህ በኋላ ከቀዩ ጋር ከአሥር ስድስት፣ ከጥቁሩ ጋር ከአሥር አምስት አሸነፍን።

ሬንጀር ስንት ያስፈልጋል?

መግዣው ደረሰ። እህታችን ዋጋ ስታጠያይቅ አብዛኞቹ ካርዶች በሳንቲም የሚገኙ ሆኑ። ወደድ ያለው ኪሪዮን ሬንጀር ነው። «ሁለት አይበቃችሁም ወይ?» አለችን በስልክ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

በአራት ሬንጀር አሥር ጨዋታ፣ በሁለት ሬንጀር አሥር ጨዋታ ተጫወትን። በአራቱ ስድስት፣ በሁለቱ አምስት አሸነፍን። ወንድሜ «አየህ፣ አራት ይሻላል!» አለ። አስቆምኩት። አንድ ሳንቲም አሥር ጊዜ ብትወረውር ስድስትና ከዚያ በላይ ዘውድ የሚወድቅበት ዕድል 38 በመቶ ገደማ ነው። ስድስትና አምስት መካከል ያለው ልዩነት ምንም አይነግረንም። በድል ቁጥር ልንወስን ብንፈልግ መቶዎች ጨዋታ ያስፈልገን ነበር፤ ፋሲካ ደግሞ ቀርቧል።

እኔ የቆጠርኩት ሌላ ነገር ነው። ሬንጀር ሜዳ በወጣች ቁጥር፣ ያስነሳችው ፍጡር ጨዋታውን ከለወጠ አንድ ጭረት፣ ካልለወጠ ክብ። በሃያው ጨዋታ 11 ጊዜ ወጣች፤ ስምንቱ ጭረት ነው። ዌልዊሸርን በዚሁ መንገድ ሳያት ከሰማያዊውና ከጥቁሩ ጋር ክቡ ይበዛል፤ ከቀዩ ጋር ብቻ ነው ጭረት የምታገኘው። ስለዚህ ሬንጀር አራቱም ያስፈልጋሉ አልን፤ ግን አሁን ሁለቱ ይገዙ፣ ሁለቱ በወረቀት ይቆዩ። ቤት ውስጥ ነው የምንጫወተው። ዌልዊሸርም ሁለት ብቻ ታዘዘች።

ካርዶቹ ከፋሲካ በፊት በአንድ መንገደኛ እጅ ደረሱ። እህታችን ጀርባቸው የማያሳይ የፕላስቲክ ስሊቮችም (የካርድ ኪሶች) ጨምራበታለች። ወንድሜ እያንዳንዱን ካርድ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየው። ከዚያ ሁለቱን የወረቀት ሬንጀሮችና ሁለቱን የወረቀት ዌልዊሸሮች ከድሮው ካርታ ላይ በጥንቃቄ አላቀቃቸው። በተረፉ ተራ ካርዶች ፊት አድርጎ ስሊቭ ውስጥ ከተታቸው። 60ውን በወዘ። ዓይኔን እንድጨፍን ነገረኝና ክምሩን እጄ ላይ አደረገው።

«ወረቀቶቹን አውጣ» አለኝ።

አራት ካርድ መዘዝኩ። ሁለት ፎረስት፣ አንድ ፕሪስት፣ አንድ ሀንትማስተር።